የሸድሊ ቀኝ ጆሮ

ሬሳውን ያገኙት ፎቶ ሊነሡ ወደ ባሕሩ ዳር የወረዱ ሙሽሮች ነበሩ። "መርፌዎቹ" ከሚባሉት ሹል ቋጥኞች ሥር፣ ጥቁር የመጥለቂያ ልብስ የለበሰ ሰው በግንባሩ ተደፍቶ፣ ማዕበሉ ወዲያና ወዲህ ያንገላታዋል። ሙሽሪት ወዲያው ጮኸች። ሙሽራው ግን መጀመሪያ በስልኩ ፎቶ አነሣና ነው የጮኸው።

ኢንስፔክተር ረፊቃ ዘጊዲ ይህን የሰማችው ከአውራጃው ዋና ከተማ ከጀንዱባ ተነሥታ፣ የቡሽ ዛፍ የሞላበትን ጠመዝማዛ ተራራ ወርዳ ጠበርቃ ስትደርስ ነበር።

"ለከተማችሁ የሚመጥን ሙሽራ ነው፣" አለች በመኪናዋ መስኮት ለተቀበላት ሳጅን።

ጠበርቃን አትወዳትም። በበጋ ከድንበሩ ማዶ በሚጎርፍ እንግዳ ታብጣ፣ ጥቅምት ሲገባ እንደ ተበሳ ፊኛ የምትሟሽሽ ከተማ ናት። ዓሣ አጥማጁ ሆቴሉን ሲራገም ይውልና ልጁን እዚያው አስተናጋጅ አድርጎ ያስቀጥራል። ሆቴሉ ደግሞ የዓሣ አጥማጁን ሽታ ይጸየፋል፤ ምስሉን ግን አስከፍፎ ግድግዳው ላይ ይሰቅላል። ከሁሉም ይልቅ ረፊቃን የሚያንገሸግሻት ድንበሩ ነበር። እዚህ አገር ድንበር ማለት የቆሻሻ ገንዳ ነው፤ ሁሉም የራሱን ጉድፍ እዚያ ይደፋል። ፍየል ከጠፋች የማዶ ሰዎች ሰረቋት፤ ጎረምሳ ከሰከረ መጠጡ ከማዶ መጣ፤ ሰው ከሞተማ...

"የማዶዎቹ የጥበቃ ጀልባ ነው፣" አለ የከተማው ሳጅን ሙልዲ፣ ገና የመኪናዋን በር ሳይከፍትላት። ቦርጩ ከቀበቶው በላይ የተንዠረገገ፣ ፊቱ እንደ ተወለወለ መዳብ የሚያበራ ሰው ነው። "ሸድሊ ይባላል። ለጌጥ የሚሆን ቀይ ኮራል ከባሕር ሥር የሚቆርጥ፣ እንደሱ ያለ ጠላቂ በዚህ ዳርቻ አልነበረም። ወሰን አልፎ ሲቆርጥ ደረሱበትና በላዩ ላይ ነዱበት። ጀርባው በሞተር ምላጭ ተተልትሏል።"

"ማን አየ?"

"ማየት ምን ያስፈልጋል፣ ኢንስፔክተር? የታወቀ ነገር ነው። ይልቅ ረዥም መንገድ መጥተዋል፤ ወደቡ ላይ ዓሣ አስጠብሻለሁ፣ ቀምሰው..."

"ሬሳው የት ነው?"

"ዶክተር ነውፈል ክሊኒክ። መርምሮ ጨርሷል፤ ዛሬውኑ ይቀበር ብሏል።"

"ዓሣውን አንተ ብላው፣" አለች ረፊቃ። "አጥንቱን ግን ድንበር ማዶ እንዳትጥለው።"

ዶክተር ነውፈል ስድሳ ዓመት የሞላው፣ ሽበቱን ወደ ኋላ ያበጠረ፣ ሽቶው ከሱ ቀድሞ በር ላይ የሚቀበል መልከ መልካም ሰው ነበር። የከተማው ግማሽ ሰው በእጁ ተወልዷል ይባላል። ረፊቃን ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበላትና ዘገባውን በለስላሳ ድምፅ አስረዳት።

"ከባድ አደጋ ነው። ትልቅ ሞተር፣ ከላይ ነው የወረደበት። አልተሠቃየም፤ በቅጽበት ነው ያለፈው። ይህን ለሚስቱም ነግሬያታለሁ፣ እግዜር ያጽናናት።"

"ጭንቅላቱን አይተውታል?"

"ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ። ቆቡን ገልጬ የራስ ቅሉን ዳስሻለሁ፤ አንድም ስብራት የለውም።"

"ሬሳው ጀንዱባ ሄዶ ይከፈታል።"

ዶክተሩ ፈገግታውን ሳያጠፋ እጁን ዘረጋ። "ለምን ብለው? ዘመዶቹ ቆመዋል፤ መቃብሩ ተቆፍሯል። የደሃ ሬሳ ማንገላታት ምን ይጠቅማል?"

"የደሃ ሬሳ ስለሆነ ነው። የሀብታም ቢሆን እርስዎ ራስዎ ይልኩት ነበር።"

ዶክተሩ በሽተኛ ሊያይ ሲወጣ እሷ ሙልዲን አስከትላ ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ገባች። የመጥለቂያ ልብሱ ደረቱ ላይ በመቀስ ተቀዷል። ከልብሱ ጋር የተያያዘው ቆብ ግን ጭንቅላቱ ላይ እንደ ሁለተኛ ቆዳ ተጣብቆ ተቀምጧል። በሁለት እጇ ይዛ ጎተተችው፤ እያቃሰተ ለቀቀ። ከቀኝ ጆሮው ቀዳዳ፣ በዘይት የራሰና ወደ ቢጫነት የሄደ ጥጥ ብቅ አለ።

"ጠላቂ ጆሮው ላይ ጥጥ ይወትፋል እንዴ?" ስትል ጠየቀች።

ሙልዲ ሳቀ። "ጥጥ? እንኳን ኮራል የሚቆርጥ ሰው፣ የእንግዳ ልጆችም አያደርጉት። ከውኃ ሥር ጆሮውን ሊያፈነዳው ነው?"

"እንግዲህ ዶክተርህ ይህን ቆብ አልገለጠውም።"

"ደክሞት ይሆናላ። ሰው አይደለም?"

"ሰነፍ ነው፣" አለች ረፊቃ። ሰነፍ ሐኪም ማግኘቷ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አሰኛት። ከዚች ከተማ ሌላ ምን ይጠበቃል? ንቀት እንደ ትራስ ነው፤ አንዴ ከተደገፉት ለመነሣት አይመችም።

የልብሱን አንገት ስትገለብጥ ደግሞ፣ ከውስጥ በኩል የአንድ ጣት ርዝመት ያህል ጨርቅ በመቀስ ተቆርጦ ወጥቷል። የተቆረጠው ቦታ ጠርዙ ገና አዲስ ነው። በዚያው ሰዓት ሬሳውን ወደ ጀንዱባ አስጫነችው።

የሸድሊ ቤት ከጥንቱ የጣሊያኖች ምሽግ ሥር፣ መረብ ከሚጠገንበት ሜዳ አጠገብ ነበር። ሚስቱ ዘክያ በሆቴሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል የምትሠራ፣ እጆቿ በሳሙና ነጥተው የተሰነጣጠቁ፣ ቀጥ ብላ የምትቀመጥ ሴት ናት። ለቅሶ ላይ የነበሩትን ሴቶች ወደ ጓሮ ሸኘቻቸው።

"ጆሮው ምን ሆኖ ነበር?" አለች ረፊቃ።

ዘክያ የጓሮውን በር ዘጋች። "ማን ነገረዎት?"

"ራሱ።"

"ከረመዳን በፊት ነው የተቀደደው። ከጥልቁ ሲወጣ ደም በአፉም በጆሮውም መጣ። ጀንዱባ ወስጄው ሐኪሙ፣ 'ሁለተኛ ጭንቅላትህን ውኃ ውስጥ ብትከት ትደነቁራለህ፣ ምናልባትም አትወጣም' አለው። ከዚያ ወዲህ አልጠለቀም።"

"ከተማው ሁሉ ይጠልቃል ነው የሚለው።"

"እንዲያ እንዲል ነበር የሚፈልገው። ጠዋት ጠዋት በትንሿ መቅዘፊያ ጀልባው ከምሽጉ ኋላ ዞሮ ማንም እማያየው ቦታ ይሄድና እንደ ሽማግሌ በመንጠቆ ዓሣ ሲይዝ ይውላል። 'ከማን ጋር ነው የምትጠልቀው?' ሲሉት፣ 'ከማዶ ሰዎች ጋር' ይላል። እኔም አብሬ ዋሸሁ። ኩራቱን ብነጥቀው ምን ይቀረው ነበር?"

"ልብሱን ታውቂዋለሽ?"

ዘክያ ተነሥታ ከበሩ ኋላ ያለውን መጋረጃ ገለጠች። አሮጌ፣ ጉልበቱ ላይ የተለጠፈ ጥቁር የመጥለቂያ ልብስ ተሰቅሏል። አቧራ ለብሷል። "የሱ ይኸው። ያኛውን ማን እንዳለበሰው እናንተ ንገሩኝ።"

"ትንሿ ጀልባስ?"

"ማክሰኞ ጠዋት ይዟት ወጣ፤ አልተመለሰችም።"

መኪና ውስጥ ሙልዲ ጺሙን አሻሸ። "ኢንስፔክተር፣ ሴትዮዋ ሆቴል ነው የምትሠራው። ሆቴሉ ብዙ የመጥለቂያ ልብስ አለው። ባሏ ቤት የዋለ፣ የተነጫነጨ... ይገባዎታል? አንዷን ልብስ ሰርቃ..."

"ሙልዲ፣ ጭንቅላትህ የኮፍያ ማስቀመጫ ብቻ ነው? ይህን ሰው የመጥለቂያ ልብስ ያለበሰው፣ ይጠልቃል ብሎ የሚያምን ሰው ነው። እሷ እንደማይጠልቅ ታውቃለች። ባሏን ልትገድል ብታስብ መንጠቆ ነበር የምታስጨብጠው።"

ሙልዲ ለአንድ አፍታ አሰበና፣ "ታዲያ ፈርጃኒ ነዋ!" አለ፣ ልክ ሌላ ሳህን እንደ ቀረበለት ሰው።

ፈርጃኒ፣ ሸድሊ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠልቅበት የኖረው ጀልባ ባለቤት ነው። ባለፈው ሳምንት ወደቡ ላይ ባለው ሻይ ቤት የሸድሊን አንገት አንቆ፣ "አንተን ባሕር ይብላህ!" ሲለው ሰው ሁሉ ሰምቷል። ረፊቃ እዚያው ሻይ ቤት አገኘችው። ቀይ ቆቡን ቅንድቡ ድረስ የደፋ፣ አፉ ላይ ጥርስ የማይበዛ ሽማግሌ ነው።

"አዎ፣ አንቄዋለሁ፣" አለ ሳይጠየቅ። "ትቶኝ ሄደ! ሃያ ዓመት ገመዱን ይዤለት፣ ለማዶ ሰዎች ሊጠልቅ ትቶኝ ሄደ። ከሃዲ ነበር። ሞቶም ከሃዲ ነው። ጻፊው ልጄ፣ ጻፊው።"

"ማክሰኞ የት ዋሉ?"

"አይን ድራሂም፣ ተራራው ላይ፣ የእህቴ ልጅ ሰርግ።"

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወጣት አጥማጅ ስልኩን አወጣ። "እውነቱን ነው። ማክሰኞ ሲጨፍር ይኸው። አገር ሁሉ ስቆበታል።" በስልኩ ላይ ፈርጃኒ ቆቡን በጥርሱ ነክሶ፣ ወገቡን በሻርፕ አስሮ ሲሽከረከር ታየ። ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ረፊቃ አልሳቀችም። ሰው ሞቶባቸው እንኳ ከመሳቅ የማይቦዝኑትን ሁሉ ዞር ዞር ብላ አየቻቸው። "ሸድሊ ከማንም ጋር አልሄደም፣" አለች ጮክ ብላ። "ጆሮው ተቀዶ መጥለቅ አቁሞ ነበር። እናንተን አፍሮ ነው የዋሸው። እንዲህ እንደምትስቁ ስለሚያውቅ።"

ሳቁ እንደ ውኃ ወደ አሸዋ ሰረገ። ፈርጃኒ ቆቡን ከራሱ ላይ አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። "ጀልባዬ ላይ ቁጭ ብሎ ገመድ ቢይዝስ ኖሮ?" አለ ማንንም ሳያይ። "ለምን አልነገረኝም?"



በማግስቱ ወደ ነጩ ሆቴል ሄደች። ሆቴሉ ከከተማው ራቅ ብሎ፣ የባሕሩን ዳር በግንብ አጥሮ ተቀምጧል። ሥራ አስኪያጁ ዋጅዲ ከሲታ ነው። በተናገረ ቁጥር እጆቹን ያፋትጋል። የእንግዶች የመጥለቂያ ዕቃ ወደሚቀመጥበት ክፍል መራት። ልብሶቹ በተራ ተሰቅለዋል፤ የሁሉም አንገት ውስጥ ነጭ ቁጥር ተለጥፏል። ከስድስት ቀጥሎ የተሰቀለው ስምንት ነበር።

"ሰባት የት ሄደ?"

"ተ... ተቀዶ ተጣለ።"

"መቼ?"

"በበጋ። አዎ፣ በበጋ ነው።"

"ቁጥሩን ማን ቆርጦ አወጣው?"

የዋጅዲ እጆች መፋተጋቸውን አቆሙ። "ምን ቁጥር?"

ረፊቃ መልሱን አልጠበቀችም። ሰውየው የትም እንደማይሸሽ ፊቱ ይናገራል። ከዚያ በፊት ሆቴሉ ምን ጀልባ እንዳለው ማየት ፈለገች፤ ሙልዲን በሩ ላይ አቁማ ወደ ሰገነቱ ወጣች። እዚያ ዶክተር ነውፈልን፣ ነጭ ጃኬቱን ለብሶ ብቻውን ምሳ ቀርቦለት አገኘችው።

"ኢንስፔክተር! ይቀመጡ እንጂ። ለብቻ ምሳ መብላት ኃጢአት ነው።"

ቡና ብቻ አዘዘች። ከሰገነቱ ሥር በሆቴሉ የጀልባ መቆሚያ ላይ የታሰረች ነጭ ፈጣን ጀልባ ትወዛወዛለች።

"የማን ናት?"

"የኔ። የሽምግልና መጫወቻዬ።" ሳቀ። "ከነሐሴ ወዲህ አልነካኋትም። በሽተኞቼ መች ይለቁኛል?"

"ማክሰኞስ?"

"ክሊኒክ ነበርኩ። ጸሐፊዬን ይጠይቋት።"

ረፊቃ የሁሉንም ውሎ ስላስጣራች፣ ጸሐፊዋን ሙልዲ ጠዋት ጠይቋት ነበር፤ "ዶክተር ከምሳ በፊት እዚህ ነበሩ" ብላለች። ሙልዲ የሰማው "እዚህ ነበሩ" የሚለውን ብቻ ነው።

ረፊቃ ቡናዋን እየጠጣች ጀልባዋን ወደ ታች አየቻት። የጀልባዋ አፍንጫ ላይ የመዳፍ ስፋት ያህል ቦታ ከሌላው ገላዋ ይልቅ ይነጣል፤ በሽማግሌ አፍ ውስጥ እንደ ተተከለ አዲስ ጥርስ። ከኋላ፣ ውኃው ሲጠራ፣ የሞተሩ ምላጭ ጭረት የሌለው ሆኖ ያብረቀርቃል። ከነሐሴ ወዲህ ያልተነካች ጀልባ ማን ቀለም ቀብቶ አዲስ ምላጭ ገጠመላት?

ስልኳ ጮኸ። ከጀንዱባ ነበር። ተነሥታ ወደ አጥሩ ጥግ ሄደች።

"ጀርባው ላይ ያሉት ቁስሎች ከባድ ናቸው፣" አለች የሬሳ መርማሪዋ፣ "ግን የገደሉት እነሱ አይደሉም። ሳንባው የባሕር ውኃ ሞልቶታል። የልብሱ ጀርባ ደግሞ አልተቀደደም፤ ቁስሉ ያለው ከሥሩ ነው። ማለት ቆስሎ ነው የለበሰው። ባሕር ውስጥ ሲጣል ይተነፍስ ነበር።"

ረፊቃ ስልኩን ዘጋች። የልብሱ ጀርባ አልተቀደደም። ይህን እሷም ማየት ነበረባት፤ ያልተቀደደ ልብስ ሥር የተቀደደ ጀርባ! ሐኪሙም አይቷል፤ አልጻፈም። ሰነፍ ብላ ነበር የናቀችው። ሰነፍ ሰው ግን ሬሳው ቶሎ ይቀበር ብሎ አይታገልም። ቆቡን ያልገለጠው ደክሞት አይደለም፤ ከሥሩ ምንም አይኖርም ብሎ ስላመነ ነው። ሰው ራሱ የቋጠረውን ቋጠሮ፣ ምን ይዞ ይሆን ብሎ አይፈታም። እሷ ደግሞ ንቀቷን ተደግፋ፣ የገዳዩን ቡና ስትጠጣ ነበር።

ወደ ጠረጴዛው አልተመለሰችም። ቀጥታ ዋጅዲ ቢሮ ገባችና በሩን ዘጋች።

"ሸድሊ ሰጥሞ ነው የሞተው።"

ዋጅዲ ቀና አለ። "አይደለም። ጀልባ ነው የገጨው፤ ዶክተር..."

"ጀልባ ገጨው። ከዚያ ልብስ አለበሳችሁት። ከዚያ ወረወራችሁት። ሲወድቅ በሕይወት ነበር። ውኃውን በሳንባው ስቦታል፣ ዋጅዲ። ሬሳ ውኃ አይስብም።"

ሰውየው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። "ሞቷል ብሎኝ ነበር፣" አለ ከጣቶቹ ኋላ። "ወላሂ፣ ሞቷል ብሎኝ ነበር።"

"ከመጀመሪያው ንገረኝ።"

"ከምሳ በኋላ ነው። ጠጥተን ነበር። ነውፈል የጀልባውን ጉልበት ላሳይህ ብሎ ከምሽጉ ኋላ ወሰደኝ። እዚያ ደግሞ ማንም አይኖርም። እየሳቀ፣ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ... ትንሿ ሰማያዊ ጀልባ ከፊታችን እንዴት እንደ መጣች አላየሁም። ተሰባበረች። እሱን ከውኃ ስናወጣው ጀርባው..." ዋጅዲ ምራቁን ዋጠ። "ወደ ሆስፒታል እንውሰደው አልኩ። ነውፈል አንገቱ ላይ እጁን አደረገ፤ ረዥም ጊዜ። 'አልቋል' አለ። 'ጠላቂ ነው፤ የማዶዎቹ ገደሉት ይባላል፤ ሰው ሁሉ ደግሞ ያምናል' አለኝ። ልብሱን ከዚህ አምጥቼ እዚያው ጀልባው ላይ አለበስነው። ቆቡን የጎተትኩት እኔ ነኝ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የጎተትኩት።"

"እና?"

"ጣቶቹ ተንቀሳቀሱ።"



"ነገርኩት። 'ነውፈል፣ ጣቶቹ!' አልኩት። 'የሬሳ ጅማት ነው፣ አንተ ምን ታውቃለህ፣ ሐኪሙ እኔ ነኝ' አለኝ። እኔም... እሱ ሐኪም ነው አልኩ።"

"አመንከው?"

ዋጅዲ እጆቹን እንደገና ማፋተግ ጀመረ። ረፊቃ ለዚህ ሰው የቀራትን ንቀት እንኳ ልትሰጠው ቅር አላት።

ሰገነቱ ላይ ዶክተር ነውፈል የዓሣውን አከርካሪ በሹካው ሳይሰበር ከሥጋው ለይቶ ከሳህኑ ጠርዝ ላይ አስተኝቶታል። ረፊቃንና ሙልዲን አብረው ሲመጡ ሲያይ አፉን በጨርቁ ጠረገ።

"ዋጅዲ ፈሪ ሰው ነው፣" አለ፣ አንድም ቃል ሳይባል። "ፈሪ ሰው ብዙ ያወራል።"

"እርስዎ ደግሞ ትንሽ ነው ያወሩት። 'ቆቡን ገልጬ' ባይሉኝ ኖሮ ሰነፍ ብዬ ረስቼዎት ነበር።"

"ኢንስፔክተር፣ በዚህ ከተማ ስንት ሰው በእጄ እንደ ተወለደ ያውቃሉ?"

"የጠየቅሁዎት ከማኅፀን ስላወጧቸው አይደለም። ባሕር ስላስገቡት ነው።"

"ቢተርፍም ሽባ ነበር የሚሆነው። አንድ ለማኝ በወደቡ ላይ ይጨመር ነበር። እኔ ብታሰር ግን ይህን ሁሉ ሰው ማን ያያል? ያስቡበት። እርስዎም ይህን ሕዝብ እንደማይወዱት ዓይንዎ ላይ አያለሁ።"

ረፊቃ በዚያች ደቂቃ የራሷን ድምፅ ከሌላ ሰው አፍ የሰማች ያህል ክው አለች። ከዚያ ለሙልዲ ምልክት ሰጠች። ሙልዲ፣ ልጆቹ ሁሉ በዚህ ሰው እጅ የተወለዱት ሙልዲ፣ ካቴናውን ሲያወጣ ዓይኑን ከዶክተሩ አሸሸ፤ ግን አሰረው።

መንገዱ በወደቡ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ሌላ መንገድ የለም። ወሬው ከመኪናው ቀድሞ ደርሶ ኖሮ፣ አጥማጁ፣ ሻይ ሻጩ፣ ሴቱ ሁሉ ወጥቶ መንገዱን ሞልቶታል። መኪናው ቆመ። የሚሳደብ የለም፤ ድንጋይ ያነሣም የለም። አንዲት አሮጊት ብቻ የረፊቃን መስኮት አንኳኩታ፣ "ልጄ፣ የደም ግፊቴን መድኃኒት እንግዲህ ማን ይጽፍልኛል?" አለቻት፤ መልሱን በእውነት ፈልጋ። ፈርጃኒ ክንዷን ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ወሰዳት።

ከዚያ ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለና ዘክያ መጣች። ጥቁር ለብሳለች። ከዶክተሩ መስኮት አጠገብ ቆመች። ረፊቃ መስኮቱን ዝቅ አደረገችው።

"ዶክተር፣" አለች ዘክያ በትሕትና፣ ክሊኒክ ውስጥ ተራዋ እንደ ደረሰ በሽተኛ። "እጅዎን ያሳዩኝ።"

ዶክተሩ ወደ ፊት አፍጥጦ ቀረ።

"አንገቱን የዳሰሱበትን እጅ። አንዴ ልየው።"

ሰውየው የታሰሩ እጆቹን ጃኬቱ ሥር ሊሸሽግ ሞከረ። ሙልዲ ካቴናውን ይዞ ወደ መስኮቱ ሳበው። ዘክያ ጎንበስ አለች። በሳሙና በተሰነጣጠቀው ጣቷ የለሰለሰውን፣ ጥፍሩ የተከረከመውን የዶክተሩን ቀኝ እጅ ገልብጣ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ነካካች።

"ጤነኛ እጅ ነው፣" አለች። ከዚያ ቀና ብላ ዓይኑን አየችው። "ትርታውን ሰምተኸዋል።"

እጁን ለቀቀችውና ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች። ሕዝቡ መንገዱን ለቀቀ፤ መኪናውም ወደ ተራራው ወጣ።